ጧሪ፣ ቀባሪ፣ ወራሽ

«እንካ፣ ይኸን አንተ ያዘው» ብላ እናቴ አንድ የታጠፈ ወረቀት የሰጠችኝ ባለፈው ክረምት ነው። ቡራዩ፣ አባቴ በሠራው ቤት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወረቀቱ ከሣጥኗ ግርጌ፣ ከአባቴ ዳዊትና ከዕድሩ ደብተር ጋራ በፌስታል ተጠቅልሎ ኖሯል። መሥመር ባለው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈ ሲሆን ጥር 1989 ዓ.ም. ይላል። አባቴ ፈርሞበታል፤ እናቴ በአውራ ጣቷ አትማበታለች። ከግርጌው ሦስት ምስክሮች አሉ፤ አንደኛው የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ቃሉ አጭር ነው። ቤቱ «አጠገባችን ቀርታ ለምትጦረን» ለታናሽ እህቴ እንዲሆን፣ የቀረነው ሦስት ልጆች እንዳንቃወም፣ ይህን ያፈረሰ ግን የአባትም የእናትም እርግማን እንዲደርስበት ይናገራል።

አባቴ በ2001 ዓ.ም. ዐረፈ። እህቴ እንደተባለችው ቀረች። እኛ አዲስ አበባና ከዚያም አልፈን ስንበተን እሷ አባቴን አስታማ ቀበረች፤ ይኸው እናቴን ትጦራለች። ወረቀቱ መኖሩን ሁላችንም በጆሮ እናውቅ ነበር፤ አውጥቶ ያነበበው ግን አልነበረም።

እኔም ጥብቅና የሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ዘንድ ወሰድኩት። አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀና «ይኼ ኑዛዜ ሦስት ጊዜ ሞቷል» አለኝ። አንደኛ፣ ሁለት ሰው በአንድ ወረቀት ላይ የሚያደርገው ኑዛዜ ፈራሽ ነው፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ሁለተኛ፣ እንዲህ በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ የእኛው ሦስት ነው ያለው። ሦስተኛ፣ በተናዛዦቹና በምስክሮቹ ፊት መነበቡ ራሱ በወረቀቱ ላይ መጻፍ ነበረበት፤ አልተጻፈም። «በሕግ ዓይን አባትህ ሳይናዘዝ ነው የሞተው» አለኝ። ያለ ኑዛዜ የሞተ ሰው ንብረት ደግሞ ለልጆቹ እኩል ይከፈላል። ሚስት የጋራውን ንብረት እኩሌታ ትወስዳለች እንጂ ባሏን አትወርስም። ስለዚህ ከቤቱ ግማሹ የእናቴ ነው፤ የአባቴ ግማሽ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራታችን ተከፍሏል ማለት ነው።

እቤት ተመልሼ ለእህቴ አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ቆይቶ ሲገባኝ አፈርኩ። ከዚያ ቤት ስምንተኛው እጅ በሕግ የእኔ ሆኗላ!

ነገሩ እንቅልፍ ስለነሳኝ መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርኩ። የኔ ቤተሰብ ጉዳይ ለመጽሔት አንባቢ ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ዘመድ ያለው ሰው ግን እንዲህ ያለ ወረቀት በአንድ ሣጥን ውስጥ እንደማይጠፋ ያውቀዋል። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት መካከል ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። መሬታቸው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከጭሰኛ ወደ ገበሬ ማኅበር፣ ከገበሬ ማኅበር ወደ ፋብሪካና ወደ ቪላ አጥር ተሸጋግሯል። መሬት እንዲህ በፈጠነበት ሀገር ሽማግሌ ሰው ምን ያወርሳል? ለማንስ? ማንስ ይጦረዋል?

ከቃሉ ልነሣ። «ኑዛዜ» ስንል ሁለት ነገር ነው የምንለው። ኃጢአትን ለካህን መናገር ኑዛዜ ነው፤ ሀብትን ለወራሽ መናገርም ኑዛዜ ነው። በግእዙ «ናዘዘ» ማለት አጽናና፣ አረጋጋ ማለት ነው። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ስም የተጠሩት በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ በአንድ አልጋ አጠገብ፣ በአንድ ሰው ጆሮ ይፈጸሙ ስለነበር ነው። ሰው ሲጸናበት የንስሐ አባቱ ይጠራሉ። መጀመሪያ በደሉን ይሰማሉ፤ ቀጥሎ ዕዳው ይነገራል፤ ከዚያ ከብቱ፣ ርስቱ፣ የተዝካሩ ነገር። ዕዳው የሚቀድመው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ «ያባት ዕዳ ለልጅ፣ ያፍንጫ እድፍ ለእጅ» የሚለው ተረት የሕግ አንቀጽ ያህል ይሠራ ነበር። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ የሚናገሩ ሰፊ አንቀጾች አሉት። ይሁን እንጂ የገጠሩ ሰው ፍትሐ ነገሥቱን አገላብጦ አይናዘዝም ነበር፤ የሚያውቀው ቄሱንና ልማዱን ነው።

ጽሑፍ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት በወንጌላቸውና በሌሎች መጻሕፍቶቻቸው ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጩን፣ ስጦታውን፣ ኑዛዜውን፣ ሙግቱን ይጽፉ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ኅብረተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ በነዚህ ማስታወሻዎች ብዙ ተጠቅሞባቸዋል። ሰነዶቹን የሚያይ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው የምስክሩ ብዛት ነው። አለቃው፣ ገበዙ፣ መሪጌታው፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ በስሙ ይቆጠራል። የሚያጸናው ማኅተም ሳይሆን የሰው ዓይን ነበር። ዛሬ አራት ምስክር የሚጠይቀውን ሕግ ፈረንጅ ያመጣብን የሚመስለን ካለን፣ አያቶቻችን አራት ምስክር ቢባሉ ምነው አነሰ ባሉ ነበር።

ሌላው ማጽኛ እርግማን ነበር። የወላጅ እርግማን፣ የካህን ግዝት። በዚህ ረገድ በታሪካችን ከሁሉ የታወቀው ኑዛዜ ከሱሉልታ ሜዳ በላይ ከሚታየው ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ካቀኑት ሰው የመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሻቸው አደረጉ። ቃሉም በእርግማንና በግዝት ታሠረ፤ መኳንንቱም ማሉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሞቱ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ያው መኳንንት ተሰብስቦ ልጅ ኢያሱን ሻረ፤ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈቱት። ፖለቲካውን ለባለ ፖለቲካዎች እተወዋለሁ። እኔን የሚገርመኝ፣ አባቴ በዚያች በመሥመር ወረቀት ላይ የቤቱን ነገር ያጸናበት መሣሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸውን ካጸኑበት ጋር አንድ መሆኑ ነው። የጸናውም እኩል መሆኑ ነው መሰለኝ።

ከእርግማኑም ከምስክሩም በላይ የድሮውን ኑዛዜ ያጸና የነበረው ግን ውለታ ነው። ውርስ ያለ ዋጋ አልነበረም። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለን ስንመርቅ ሁለቱን ቃላት አያይዘን ነው፤ ሦስተኛውን፣ «ወራሽ» የሚለውን፣ አንጠራውም እንጂ አብሮ አለ። የጦረው፣ የቀበረው፣ ተዝካሩን ያወጣው ይወርሳል። ልጅ ያልወለደ ሰው እንኳ ለዚህ መላ ነበረው። በአማራው ሀገር ጡት በማጥባት ወይም ማር የተቀባ ጣት በማስጠባት የጡት ልጅ፣ የማር ልጅ ያደርጋል። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የቱለማ ኦሮሞ ደግሞ ጉዲፈቻ አለው፤ በጉዲፈቻ የገባ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ይቆጠራል፤ በአሳዳጊዎቹ ስም ይጠራል፤ ይወርሳል። ይህ ባሕል ምን ያህል የጠነከረ እንደነበር ለማወቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የአማርኛ ቅጂ ማየት ይበቃል። ሕጉን የተረጎሙት ሰዎች ለነገሩ ስም ሲፈልጉ ያገኙት ከኦሮምኛው ነው፤ «ጉዲፈቻ» ብለው ጻፉት፤ እስከ ዛሬም የሕግ አማርኛችን ሌላ ቃል አልፈለገም።

ሌላም መንገድ ነበር፤ መመንኮስ። ባል የሞተባት ወይም ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ያላትን ለልጅ ወይም ለእህት ልጅ ታስረክብና ቆብ ትደፋለች። ሰበታ የጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም መኖሪያ ስለሆነች ለሰበታ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እርግጥ ገዳም የአረጋውያን መጦሪያ አይደለም፤ የጸሎት ቤት ነው። ሆኖም በቤቷ የቀረችው መነኩሲትም ብትሆን ርስቷን በቁሟ የሰጠችው በባዶ አልነበረም። የተቀበለው ሰው እህሏን ይሰፍርላታል፤ ስትሞት ይቀብራታል። በቁም ማውረስ ያኔ አያስፈራም ነበር፤ መሬቱ የትም አይሄድማ። ተቀባዩ ቢክዳት እንኳ ርስቱ ከነበሬው ሀገር አይለቅም፤ ሽማግሌም ይፈርድባታል አይባልም።

ይህን ስል ያንን ዘመን እያሞገስኩ አይምሰላችሁ። ከምኒልክ ወዲህ የአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት በቀላድ እየተለካ ለባላባቱ፣ ለመኳንንቱ፣ ለወታደሩ፣ ለቤተ ክህነቱ ሲደለደል በላዩ የሚያርሰው ብዙው ሰው ጭሰኛ ሆኖ ነው የቀረው። ጭሰኛ ርስት አያወርስም። የሚያወርሰው በሬ ካለው በሬውን፣ ከሌለው ዕዳውን ነው። ስለ ርስትና ስለ ኑዛዜ የምናወራው የባለ ርስቱን ታሪክ ነው፤ የጭሰኛው ልጅ አባቱን የጦረው ምንም ሳይጠብቅ ነው። ይህን መርሳት ነውር ይመስለኛል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የተባለ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ነው። ይህ ሰው ኢትዮጵያ ሕጓ እንደ አውሮጳ በመቶ ዓመታት ቀስ እያለ እስኪበስል ልትጠብቅ አትችልም የሚል እምነት ነበረው። በመሆኑም ሕጉ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ የነበረው ልማድ ሁሉ ተሻረ፤ አንቀጽ 3347 ይህን ይላል። ቄሱ፣ ሽማግሌው፣ የማር ጣቱ፣ የጦረ ይውረስ ማለቱ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ከሕግ ደጅ ወጡ።

በጎውን ልመስክር። ሕጉ ወንድና ሴት ልጅን እኩል ወራሽ አደረገ። ዘር በአባት በኩል ብቻ በሚቆጠርበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በጋብቻ የተወለደውንና ከጋብቻ ውጭ የተወለደውንም አልለየም። ስለ ኑዛዜም ጥርት ያለ ነገር ጻፈ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃል። ሰው በገዛ እጁ ጽፎ ሊናዘዝም ይችላል፤ ነገር ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጠው ዋጋ ያጣል። በሣጥን ግርጌ ስንት ኑዛዜ ሰባት ዓመቱን ጨርሶ በድን ሆኖ ተቀምጦ ይሆን! በቃል የሚደረገው ኑዛዜ ደግሞ የቀብርን ነገር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር የማይበልጥ ስጦታን ብቻ ይመለከታል። በ1952 ዓ.ም. 500 ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ ሱሉልታ ላይ ለአንድ ሸክም ድርቆሽ ሲከራከሩበት የሚውሉት ነው።

የሕጉ ጉድለት እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ነው፤ ወራሽን ከጧሪ ለየው። በአንድ ምዕራፍ ውርስን ጻፈ፤ አራቱ ልጆች እኩል ናቸው አለ። በሌላ ምዕራፍ ቀለብን ጻፈ፤ ልጅ ወላጁን የመመገብ፣ የማልበስ፣ የማሳደር፣ የማሳከም ግዴታ አለበት አለ፤ ሟቹ የተወው ንብረት ከሌለ የቀብሩን ወጪ ጭምር። ጧሪ ቀባሪን በአንቀጽ አስገብቶታል ማለት ነው። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም፣ ኦሮሚያ በኋላ ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግም ይህን ግዴታ ይዘውታል። ሁለቱ ምዕራፎች ግን እርስ በርስ አይተያዩም። ያልጦረው ልጅ እኩል ይወርሳል። ለመንቀል የሚፈልግ ወላጅ በኑዛዜው ምክንያቱን ጽፎ መንቀል አለበት፤ ምክንያት የሌለው መንቀል አይጸናም። የቀለብ ክስስ? እናት ልጇን ፍርድ ቤት አቁማ «አብላኝ» የምትልበትን ቀን እኔ አላየሁም፤ እሷም ከማየቷ በፊት መሞቷን ትመርጣለች።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌላ መዓልት ነው። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ ብቻ ሳይሆን ማውረስንም ከለከለ። ባለ ይዞታው ሲሞት ግን ሚስቱ ወይም ባሏ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቹም፣ እነሱ ከሌሉ ያደገ ልጁ መሬቱን የመጠቀም መብት እንዲኖራቸው አደረገ። ተመልከቱ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባሏን የማትወርሰው ሚስት እዚህ መጀመሪያ ተጠራች። ለጭሰኛው ደግሞ ይህ ከሰማይ የወረደ ቀን ነበር፤ በአባቱ ዕድሜ ያልነበረ ነገር ለልጁ የሚተውለት አገኘ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። «ተወረሰ» የሚለው ቃል ከዚያን ጊዜ ወዲህ በአማርኛችን ሌላ ጣዕም አለው። ቤት ያጡ ሽማግሎች ያኔ «መንግሥት ወረሰን» ሲሉ ሰምቼ፣ ሰው ሳይሞት ይወረሳል እንዴ ብዬ በልጅነቴ ጠይቄ በቁንጥጫ ታልፌያለሁ።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 ማውረስን መለሰ፤ ለማን እንደሆነ ስናይ ግን የድሮው ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ባለ ይዞታ ለቤተሰቡ አባል ማውረስ ይችላል፤ የቤተሰብ አባል የተባለውም ከባለ ይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራ ሰው ነው። ሕጉ ከመሶቡ አብሮ የበላውን ፈለገ። በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 እስኪተካ ድረስ ይህ አዋጅ ሲሠራ፣ ጧሪና ወራሽ ለገበሬው ብቻ እንደገና ታረቁ ማለት ይቻላል። መንገዱን ተሻግሮ ከተማ ቤት ላለው ሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ ለገበሬው ይህ አዋጅ። በቡራዩና በሰበታ አንድ አባት ሁለቱም ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ልጅ ለአንዱ ወራሽ፣ ለሌላው ባዳ ሆኖ ይገኛል።

እርቁ ግን በነዚህ ከተሞች ዕድሜ አላገኘም። በዚያው በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱ ለዘለቄታው ለሚወሰድበት ገበሬ፣ ላፈራው ንብረት ከሚከፈለው ሌላ፣ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ እንዲከፈለው ደነገገ። በ2011 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። ሱሉልታ ውስጥ የማውቃቸው አንድ አዛውንት በአሥር ከተባዛላቸው ሰዎች አንዱ ናቸው። ገንዘቡን በተቀበሉ በሳምንቱ ልጆቻቸው ተሰበሰቡ። አባት በቁሙ ማካፈሉ የድሮ ወግ ነውና አካፈሉ። ታላቁ ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ አይሱዙ ገዛ፤ አንዷ ዓረብ ሀገር ለመሄጃ አደረገችው፤ ትንሹ ቤት ጀመረበት። ለራሳቸው ያስቀሩት ሁለት በሬ የሚገዛ ነበር፤ በሬ የሚያርስበት ግን የለም። ዛሬ የቀድሞ ማሳቸው አጠገብ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ናቸው። ባለፈው ዓመት ሳገኛቸው ካፖርታቸውን ተጠቅልለው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ልጆቻቸው ክፉ አልወጣቸውም። «ኦቦ፣ እንዴት ነው ታዲያ?» ብላቸው እየሳቁ «አሥር ዓመት ቆጥረው ሰጡኝ። አሥሩ ዓመት አለቀ፤ እኔ ግን አላለቅሁም» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የድሮው ወግ በአዲሱ ነገር የተሸነፈው። መሬት በቁም ቢሰጥም በዓመቱ እህል ይሰጣል፤ ጧሪው ባይፈልግም ጎተራው ያስገድደዋል። ገንዘብ ግን ከተሰጠ ተሰጠ። መነኩሲቷ ርስቷን ስታስረክብ ዓይኗ እያየው ይታረስ ነበር። የሱሉልታው ሰው አይሱዙው የት እንደሚሠራ እንኳ አያውቁም።

የከተማው ሠራተኛ ከዚህ ጣጣ በመጠኑ የተረፈው በጡረታ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከ2003ቱ አዋጅ ቁጥር 715 ወዲህ ጡረታ አለው። ቃሉ ራሱ ከመጦር የመጣ ነው፤ መንግሥት ልጅ ሆነልን ማለት ነው። ገበሬው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ እንደ እናቴ ያለችው የቤት እመቤት ግን ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ዕድርም አለ። ዕድር ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮውን ይቀቅላል፣ አስከሬኑን ያሳርፋል፤ በዚህ የሚስተካከለው የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ግን አይመጣም። ቀባሪ በየሰፈሩ ተደራጅቷል፤ ደብተርና ሊቀመንበር አለው። ጧሪው ግን ያው አንዲት እህት ናት።

ለእህቴ ነገርኳት። ወጥ እያማሰለች ነበር፤ ማማሰሏን አላቆመችም። «ስምንተኛው እጅ የትኛው ነው፣ ሳሎኑ ነው ጓዳው?» አለችኝ። እኔ ድርሻዬን እንደምለቅላት፣ ለዚህም ወረቀት እንደምፈርም ነገርኳት። ውጭ ሀገር ያለው ወንድሜ በስልክ እሺ አለ። ታላቅ ወንድማችን ግን «እስቲ ላስብበት» ብሎ ይኸው አራት ወር ሆነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹ ደርሰውበታል፤ የቡራዩ ቦታ ዋጋም ያሳስባል።

የእናቴን እኩሌታ በተመለከተ ግን ጊዜ የሚጠበቅለት አልነበረም። በጥቅምት አንድ እሑድ ጠበቃ ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። ከዕድሩ አራት ጎረቤቶች ተጠርተው አግዳሚው ላይ በተርታ ተቀመጡ። ጓደኛዬ እሷ ስትናገር ጻፈ። የእሷ ብቻ ነው፤ የማንም ስም አብሮ የለም። ድርሻዋ ለእህቴ እንዲሆን፣ ለምን እንዲሆን፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ማን ሐኪም ቤት እንዳመላለሳት፣ ማን እንዳጠባት፣ ሌሎቻችን ምን ያህል ጊዜ እንደመጣን፤ ይህን ሁሉ ሳታሳንስም ሳትጨምርም ተናገረች። እኔ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ፋሲካ፣ እንቁጣጣሽ፣ አንዳንድ ጊዜ ገና። ጓደኛዬ ጽሑፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፤ መነበቡንም ቀኑንም ጻፈበት።

«እርግማኑስ?» አለች እናቴ።

«እማማ፣ ሕጉ እርግማን አይጠይቅም። ያለ እርሱም ይጸናል።»

«በምን?»

«በነዚህ አራት ሰዎች።»

እናቴ አራቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ከስድሳ የዘለሉ ናቸው፤ አንደኛው ከዘራውን ተመርኩዞ እንቅልፍ ጀምሮታል። «እነዚህ ከእኔ በፊት ቢሞቱሳ?» አለች።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። ጻፈው አልኩት። ጻፈና እንደገና አነበበላት፤ የቁም ምስክሮቹ ፈረሙ፤ እናቴም የቀለሙን ሰሌዳ ወደ ራሷ ስባ አውራ ጣቷን አተመች። ከዚያ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ ጓዳው ጮኸች። «አንቺ! እንግዶቹ ቡና ይጠጡ እንጂ!»